ማርሚታ ሲቀየር ካርቡሬተር እንዴት ይስተካከላል? የደሴና የኮምቦልቻ ነጂዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ። ሁለቱን የሚያገናኘው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሞላ ነው። ሞተር ሳይክል ግን በዚያች አጭር መንገድ ሁለት ዓይነት አየር ይተነፍሳል። ስለ ማርሚታ (ስለ ጭስ ማውጫው) እና ቤንዚንን ከአየር ጋር ስለሚቀላቅለው ካርቡሬተር የሚነገረው ምክር አብዛኛው ቆላና ባሕር ዳርቻ ላለ ሰው የተሰጠ በመሆኑ፣ እሱን እንዳለ ወስደው ሞተራቸውን ያበላሹ ብዙ ነጂዎች አጋጥመውኛል። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ለእኛ ከፍታ የተሰጡ ናቸው። በተለይ ካልተገለጸ በቀር የሚመለከቱት እንደ ቦክሰር ያሉትን ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ባለ አራት ምት ሞተር ሳይክሎች ነው።

ማርሚታ ብቻ ነው የቀየርኩት። ካርቡሬተሩን መንካት የግድ ነው?

ሁልጊዜ አይደለም። ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) የሚወጣው ቱቦ የድሮው ሆኖ ከኋላ ያለው ድምፅ ማፈኛ ብቻ ከተቀየረና የአየር ማጣሪያው ካልተነካ፣ ብዙውን ጊዜ የሚኒሞውን፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጡት ሞተሩ የሚዞርበትን ዝቅተኛ ፍጥነት፣ የቤንዚንና የአየር ቅልቅል በአንዲት ብሎን ማስተካከል ይበቃል። አንዳንዴ ይህም አያስፈልግም። ቱቦው ከቴስታታው ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ከተቀየረ ግን ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚለኩትን መርፌውንም ጄቶቹንም መፈተሽ ይኖርብዎታል። ምንም ከመፍታትዎ በፊት የገጠሙት የትኛውን እንደሆነ በትክክል ይወቁ።

ጭስ ማውጫ ከኋላ፣ ካርቡሬተር ከፊት። ምን አገናኛቸው?

ትንፋሽ። ሞተር በደንብ የሚስበው በደንብ ካስወጣ ነው። የተቃጠለው ጋዝ በቀላሉ ሲወጣ አዲስ አየር በቀላሉ ይገባል፤ በቱቦው ውስጥ ወዲያና ወዲህ የሚመላለሰው የግፊት ሞገድም ይለወጣል። ካርቡሬተሩ ግን በፋብሪካ የተለካው ለድሮው ማርሚታ ነው። አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን በደንብ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። አዲሱ ማርሚታ ይህን ሚዛን ሲያዛባው ቤንዚኑ ያጥራል፤ ቤንዚን ያጠረው ሞተር ይግላል፣ ያስነጥሳል፣ ነዳጅ ሲሰጡት ለአፍታ ይንገራገራል።

የሰማሁት ምክር ሁሉ «ዋናውን ጄት አሳድግ» የሚል ነው። ትልቅ ጄት ልግዛ?

ገና አይግዙ። ከሁሉም መልሶች አንዱን ብቻ የሚያነቡ ከሆነ ይህኛውን ያንብቡ።

ጄት የምንላት መካከሏ የተበሳ ትንሽ የነሐስ ብሎን ናት፤ ቤንዚኑ የሚለካው በዚያ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው አይለወጥም፤ አየሩ ግን ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይሳሳል። የአንድ ሊትር አየር ክብደት በደሴ ከፍታ ከባሕር ጠለሉ 78 በመቶ ገደማ፣ በኮምቦልቻ ደግሞ 83 በመቶ ገደማ ነው። የሚመጣው ቤንዚን ግን በዚያው ልክ አይቀንስም። ሂሳቡ ሲሠራ ለባሕር ጠለል የተለካ ካርቡሬተር ደሴ ላይ ከሚገባው 13 በመቶ ያህል፣ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ከ9 እስከ 10 በመቶ ያህል የበለጠ ቤንዚን ለሞተሩ ያጠጣዋል። ደሴ ውስጥ ማርሚታው ያልተነካ ሞተር ሳይክል ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ፈትተው ቢያዩ ብዙ ጊዜ ጥላሸት ለብሶ የሚያገኙት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሌላው ጎን ይምጡ። የጄቱ ቁጥር የቀዳዳውን ከዳር እስከ ዳር ስፋት በሚሊሜትር መቶኛ በሚገልጽበት ካርቡሬተር፣ ከ100 ወደ 105 ሲታለፍ ቤንዚን የሚያልፍበት የቀዳዳው ጠቅላላ ስፋት በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ባሕር ዳርቻ ያለ ነጂ ክፍት ማርሚታ ሲገጥም የሚጨምረው ብዙውን ጊዜ ይህንኑ ያህል ወይም ከዚህ ያነሰ ነው። የእርስዎ ሞተር ሳይክል ደሴ በመኖሩ ብቻ ያንን ጭማሪ ቀድሞ አግኝቶታል። አዲሱ ማርሚታ ቤንዚን ሲያሳጥር፣ ከፍታው ያበዛውን ቀነሰ ማለት ነው፤ ሁለቱ ተቻችለው ሞተሩ ከበፊቱ የተሻለ ሊሠራ ይችላል። ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ።

አንድ የቧንቧ ውሃ ሰፈር ወጣት ማርሚታውን ቀይሮ በምክር ሁለት ቁጥር ያህል ትልቅ ጄት አስገብቶ ነበር። ሰው ጭኖ ሐረጎን ሲወጣ ሞተሩ ይታፈናል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ከሦስተኛ ማርሽ በላይ አይሄድም። የሠራነው ነገር ቢኖር የድሮውን ጄት መመለስ፣ ካንዴላውን መቀየርና የሚኒሞዋን ብሎን ሩብ ዙር መንካት ብቻ ነው። በዚያው ቀን ዳገቱን ሳይንገራገር ወጣው።

ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የቀድሞው ባለቤት ወይም ሌላ መካኒክ «ለደጋ ይሁን» ብሎ ጄቱን አሳንሶት ከሆነ ከላይ ያለው ስሌት አይሠራም። ስለዚህ መጀመሪያ ጄቱን አውጥተው ጫፉ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ያንብቡ፤ ፋብሪካው ለዚያ ሞዴል ከሰጠው ቁጥር ጋር ያመሳክሩ።

ቤንዚን እንደበዛበት ወይም እንዳጠረው በምን አውቃለሁ?

ሦስት ምስክሮች አሉ፤ ሦስቱም ገንዘብ አይጠይቁም።

የመጀመሪያው የደሴ ንጋት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ፣ ከጦሳ ተራራ በኩል ቁር ሲወርድ፣ ደህና ሞተር ያለ ቾክ (ሲሳብ ቤንዚኑን የሚያበዛው) በቀላሉ መነሣት የለበትም። ያለ ቾክ በአንድ ምት ከተነሣ ቤንዚን በዝቶበታል። ቾክ ተስቦለትም ለብዙ ደቂቃ እየጠፋ ካስቸገረ አጥሮት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ካንዴላው ነው። አዲስ ወይም በደንብ የጸዳ ካንዴላ አስገብተው ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ይንዱ። ከዚያ ቀጥ ባለና መኪና በሌለበት ቦታ፣ በመካከለኛ ማርሽ፣ የነዳጅ መስጫውን ጠምዝዘው ጥቂት ሰከንዶች ይያዙት። እጀታውን ሳይመልሱ በማጥፊያው ያጥፉት፤ ወዲያው ፍሪሲዮን ይዘው ዳር ላይ ይቁሙ። ሚኒሞ ላይ እያጉተመተመ ከቆየ በኋላ የሚፈታ ካንዴላ ስለ ዋናው ጄት አይናገርም፤ የሚናገረው ስለ ሚኒሞው ብቻ ነው። በጫፉ ያለው ነጭ ሸክላ ለብ ብሎ እንደተቆላ ገብስ ቀለም ከያዘ ሚዛኑ ልክ ነው። እንደ ኖራ ከነጣ ወይም ጥቃቅን ነጠብጣብ ካለበት ቤንዚን አጥሮታል፤ እንዲህ ሆኖ ብዙ አይንዱት። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ በዝቶበታል። ቅባት ያለው እርጥብ ጥቁር ከሆነ ግን ጉዳዩ የካርቡሬተር ሳይሆን የፒስቶን ቀለበት ወይም የቫልቭ ሊሆን ስለሚችል ጄት በመቀያየር አይድከሙ። ይህን ሙከራ ሐረጎ ኩርባዎች ላይ ፈጽሞ አያድርጉት፤ ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ያለው ሜዳ ይሻላል።

ሦስተኛው ቾኩ ራሱ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በሚንገራገርበት ፍጥነት ላይ እያሉ ቾኩን በጥቂቱ ይሳቡት። ከተሻለው ቤንዚን አጥሮት ነበር፤ ከባሰበት በዝቶበታል። እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው ይህንን ነው፤ ችግሩን በሚፈጠርበት ቅጽበት ስለሚይዘው።

የቱን ብሎን ነው የማዞረው? ወዴትስ?

ካርቡሬተሩ ላይ ከውጭ የሚታዩ ሁለት ብሎኖች አሉ። አንዷ ሞተር ሳይክሉ ቆሞ ሳለ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት ማለትም ሚኒሞውን ከፍና ዝቅ ታደርጋለች፤ ሌላዋ የሚኒሞውን ቅልቅል ትለካለች። ሰው የሚሳሳተው በሁለተኛዋ ላይ ነው፤ ምክንያቱም አቅጣጫዋ እንደ አቀማመጧ ይለያያል። ብሎኗ ከካርቡሬተሩ በሞተሩ በኩል ካለች የምትለካው ቤንዚን ነውና ስትፈታ ቤንዚን ይጨምራል። በአየር ማጣሪያው በኩል ካለች ግን የምትለካው አየር ነው፤ ስትፈታ አየር ስለሚበዛ ቤንዚኑ ያንሳል። አብዛኞቹ ባለ አራት ምቶች የመጀመሪያው ዓይነት ናቸው።

ሥራው እንዲህ ነው። ሞተር ሳይክሉን ደጅ አውጥተው በመካከለኛው እግሩ ያቁሙት፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚሠራ ሞተር የሚያወጣው ጋዝ ሽታ ሳይኖረው ይገድላል። አሥር ደቂቃ ያህል ነድተው ያሙቁት። ያጥፉትና ብሎኗን በካቻቪቴ ቀስ ብለው ሙሉ በሙሉ እያጠበቁ ዙሩን ይቁጠሩ፤ ቁጥሩን ይጻፉት። ስትነካ ያቁሙ፤ ከዚያ በላይ ከጫኑ ሹል ጫፏ የምትቀመጥበትን ቀዳዳ ታበላሻለች፤ ያም ካርቡሬተሩን ሙሉ ለሙሉ ያስቀይራል። ከዚያ ወደ ነበረችበት ይመልሷት፤ በብዙዎቹ ላይ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ተኩል ዙር ነው። ሞተሩን አስነሥተው ሚኒሞውን በጥቂቱ ከፍ ያድርጉ። አሁን ብሎኗን በሩብ ሩብ ዙር ያዙሩ፤ በእያንዳንዱ ሩብ ጥቂት ሰከንዶች ቆመው ያዳምጡ። የሞተሩ ድምፅ ከፍ ብሎ የሚረጋበት አንድ ቦታ አለ፤ አልፈውት ሲሄዱ ይወርዳል። ወደዚያ ቦታ ይመለሱና በመጨረሻ ሚኒሞውን ወደ ልኩ ያውርዱ፤ በትንንሽ ሞተሮች በአብዛኛው በደቂቃ ከ1,200 እስከ 1,500 ዙር ነው።

ብሎኗ ከሦስት ዙር በላይ ተፈትታም ሞተሩ ቤንዚን የሚለምን ከሆነ የሚኒሞው ጄት አንድ ቁጥር ማደግ አለበት። ከአንድ ዙር በታች ላይ ብቻ ከተስተካከለ ደግሞ ማነስ አለበት። የደሴ ሞተር ሳይክሎች ወደ ሁለተኛው ያደላሉ።

መርፌው ምን ይሠራል?

በከተማ ውስጥ ሲነዱ ሥራው በአብዛኛው የእሱ ነው። የነዳጅ መስጫው እጀታ ከሩብ እስከ ሦስት አራተኛ ባለው ሲጠመዘዝ ቤንዚኑን የሚለካው መርፌው ነው፤ ዋናው ጄት የሚገዛው ከዚያ በላይ ያለውን ብቻ ነው። ከፒያሳ ወደ ሆጤ ለሚመላለስ ሰው ዋናውን ጄት መቀየር ትርጉም የሌለው ለዚህ ነው፤ እጀታውን እስከ መጨረሻ የሚጠመዝዝበት ቦታ የለውምና።

መርፌው ጫፍ ላይ ብዙውን ጊዜ አምስት ጭረቶች አሉ፤ ትንሿ መቆንጠጫ ከእነዚህ በአንዱ ላይ ትቀመጣለች። መቆንጠጫዋን አንድ ጭረት ወደ ታች ካወረዷት መርፌው ከፍ ስለሚል ቤንዚን ይጨምራል፤ ወደ ላይ ከወሰዷት ይቀንሳል። አንድ ጭረት ብቻ ያለው መርፌ ከገጠመዎ፣ ከመቆንጠጫዋ ሥር ግማሽ ሚሊሜትር ውፍረት ያላት ቀለበት ማስገባት መርፌውን በዚያው ልክ ያነሣዋል። መቆንጠጫዋ ተፈናጥራ የምትጠፋ ናት፤ ነጭ ጨርቅ አንጥፈው ይሥሩ።

ጄቱን በሽቦ ማጽዳት ወይም በመርፌ ማስፋት ይቻላል?

አይቻልም። ስለዚህ ጉዳይ ለስላሳ ቃል የለኝም። በጄት ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት የሚሊሜትር ሁለትና ሦስት መቶኛ ነው፤ ሽቦ አንዴ ሲገባና ሲወጣ ከዚያ በላይ ሊፍቅ ይችላል። ከዚያ በኋላ ጄቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ውሸት ይሆናል፤ ቀጥሎ የሚያየው መካኒክም በውሸት ቁጥር ይሠራል። ቤንዚን ውስጥ ዘፍዝፈው በአየር ግፊት ይንፉት። የአንዱን ፋብሪካ ጄት በሌላው ካርቡሬተር ላይ ቁጥሩን ብቻ አይተው አይግጠሙ፤ አንዱ የቀዳዳውን ስፋት ሲጽፍ ሌላው በደቂቃ የሚያልፈውን የቤንዚን መጠን ይጽፋልና 100 ከ100 ጋር እኩል አይደለም።

ካርቡሬተር ሲከፈት ቤንዚን መፍሰሱ አይቀርም። በብርዱ ምክንያት ብዙ ቦታ ከሰል እየነደደ፣ ቡና እየተፈላ ነው የሚሠራው። ከሰሉን ያርቁ።

ነዳጅ ስለቅ ማርሚታው ይተኩሳል። ቤንዚን ልጨምር?

መጀመሪያ ጓርኒሲዮኑን ይመልከቱ። ቱቦው ከቴስታታው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ያለችው የመዝጊያ ቀለበት አንዴ ተጨፍልቃ ቅርጽ የምትይዝ ናት፤ የድሮዋን መልሶ መግጠም ለጥቂት ብር ብሎ ችግር መግዛት ነው። በስንጥቋ ንጹሕ አየር ወደ ቱቦው ሲገባ ያልተቃጠለው ቤንዚን እዚያው ይቀጣጠላል፤ ተኩሱ ያ ነው። መጋጠሚያው ዙሪያ ጥቁር የጥላሸት መስመር ካዩ ያፈሳል ማለት ነው። ሳይፈስ የሚተኩስ ከሆነ ብቻ የሚኒሞውን ቅልቅል ብሎን ሩብ ዙር አዙረው ቤንዚን ይጨምሩ። ረጅም ቁልቁለት በማርሽ ተይዞ ሲወረድ አልፎ አልፎ የምትሰማ ትንሽ ድምፅ ግን አታሳስብዎት።

በየቀኑ ደሴና ኮምቦልቻ እመላለሳለሁ። ለየትኛው ላስተካክለው?

ለሁለቱም አንድ ልክ ይበቃል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የቅልቅል ልዩነት 3 በመቶ ያህል ነው፤ አንድ የጄት ቁጥር ከዚያ በላይ ይለውጣል። በኮምቦልቻ ሙቀት ካንዴላው ገብስማ እንዲሆን ካስተካከሉ ደሴ ላይ በጥቂቱ ይጠቁራል፤ ያ ጉዳት የለውም። ተቃራኒው ይጎዳል፤ ደሴ ላይ እስከ መጨረሻው የቆጠቡት ሞተር ሲወርድ ያጥረዋል።

እውነተኛው ጥንቃቄ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ ለሚወርድ ነው። ለሰኞ ገበያ ባቲ ድረስ ብቻ የሚሄዱ ከሆነ፣ ባቲ 1,500 ሜትር አካባቢ ናትና ብዙም አያስጨንቅም። ወደ ሚሌ ከቀጠሉ ግን 500 ሜትር አካባቢ ይደርሳሉ። ከደሴ ጋር ሲነጻጸር ቅልቅሉን ወደ 10 በመቶ ያህል ቤንዚን ያጥረዋል፤ ሙቀቱ አየሩን ስለሚያሳሳው ጥቂቱን ይመልሳል፣ ነገር ግን ሞተሩን ራሱን ያግለዋል። ለዚያ መንገድ መርፌውን አንድ ጭረት ያንሡት፤ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ዋና ጄትም ይያዙ። ወደ ጉጉፍቱ የሚወጣ ሰው ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሚደርስ ጥቁር ጭስ ቢያይ አይደንግጥ።

የያማሃ ኤጂ 100 አለኝ። ይኸው ምክር ለእሱም ይሠራል?

አይሠራም፤ እባክዎ ይጠንቀቁ። በገጠር የግብርና ባለሙያዎች እጅ በብዛት የሚታየው ይህ ሞተር ሳይክል ባለ ሁለት ምት ነው። የባለ ሁለት ምት ማርሚታ ድምፅ ማፈኛ ብቻ አይደለም፤ እየሰፋና እየጠበበ የሚሄደው ቅርጹ ሊያመልጥ የነበረውን ያልተቃጠለ ቅልቅል ወደ ሲሊንደሩ መልሶ ይገፋል። በባዶ ቱቦ ከቀየሩት ኃይሉን ያጣሉ። ዘይቱም ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚቃጠል ቅልቅሉ ሲያጥር ሞተሩ ይግላል፣ ፒስቶኑም ሲሊንደሩ ውስጥ ይነክሳል። የቅልቅል ብሎኑም በአብዛኛው በአየር ማጣሪያው በኩል ያለ ነው፤ አቅጣጫው ከላይ እንደተባለው ይገለበጣል።

የማርሚታውን ሆድ ዕቃ ቆርጬ ባወጣውስ?

ድምፅ ያገኛሉ፤ ኃይል ግን አያገኙም። ደሴ ላይ ማንኛውም ሞተር ከባሕር ጠለል አቅሙ ከአንድ አምስተኛ በላይ አጥቷል፤ ያንን የወሰደው የሳሳው አየር ነውና ማርሚታ አይመልሰውም። ሆዱ የወጣ ማርሚታ ደግሞ በዝቅተኛና በመካከለኛ ዙር ያለውን ጉልበት ይቀንሳል፤ ሐረጎን በጭነት ሲወጡ የሚፈልጉት ያንኑ ነው። ሌሊት በሰፈር ውስጥ ሲያልፉ ሕፃን ይነቃል፣ በሽተኛ ይረበሻል። እኔ ይህን ሥራ አልሠራም።

የአየር ማጣሪያውንም ላውጣው?

በፍጹም። የመንገድ አቧራ የፒስቶን ቀለበትን እንደ ወፍጮ ይፈጫል። ይልቁንም ከማንኛውም ማስተካከያ በፊት ያጽዱት፤ የታፈነ ማጣሪያ ቤንዚን የበዛ ያስመስላልና በእሱ ላይ የሚሠራ ልክ ሁሉ የተሳሳተ ይሆናል።

የእኔ ካርቡሬተር የለውም፤ በኮምፒውተር ነው የሚሠራው።

እንግዲያው ከላይ ያለው አብዛኛው አይመለከትዎትም፤ ከፍታውን በአነፍናፊዎቹ ራሱ ያስተካክላል። የጓርኒሲዮኑ ምክር ግን ይመለከትዎታል።

ሁሉ ነገር ተስተካክሏል። ከዚያስ?

ከመጀመሪያው 100 ኪሎ ሜትር በኋላ፣ ሞተሩ በደንብ ሲቀዘቅዝ፣ ቱቦውን ከቴስታታው ጋር የያዙትን ዳዶዎች እያፈራረቁ ጥቂት በጥቂት ያጥብቁ፤ አዲሷ ጓርኒሲዮን በሙቀት ስለምትጨፈለቅ መላላታቸው አይቀርም። ካንዴላውን ከሳምንት በኋላ ፈትተው ይዩ። የጄቶቹን ቁጥር፣ የመርፌውን ጭረትና የብሎኗን ዙር በወረቀት ጽፈው ከመቀመጫው ሥር ያኑሩ፤ የፈቱትንም የድሮ ጄት በትንሽ ፕላስቲክ ጠቅልለው ከወረቀቱ ጋር ያስቀምጡት።